በሣጥኑ ላይ ስለሌለው ዱላ
የአቶ ማላኪ ቲየርኒ የሕይወት ታሪክ (1951–2024)

አቶ ማላኪ ቲየርኒ ከአባታቸው ከአቶ ፊንታን ቲየርኒ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዴሊያ ሩዋን በአየርላንድ፣ በጎልዌይ አውራጃ፣ በኪልዶራን ሰበካ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1951 ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው ት/ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። መምህራቸው ይህ ልጅ ከእርሳስ ይልቅ መላጊያ ይቀናዋል ብለው ለአባታቸው ስለነገሯቸው፣ በአሥራ አራት ዓመታቸው ከአባታቸው ጎን ቆመው ሩር የሚመታበትን የሀርሊንግ ጨዋታ ዱላ መሥራት ጀመሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳንባቸው እስኪደክም ድረስ በዚህ ሰበካ በእሳቸው እጅ ያልተሠራ ዱላ ይዞ ሜዳ የገባ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ዱላው የሬሳ ሣጥኑ ላይ ተጋድሞ እንደሚሸኝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዛሬ ሣጥኑ ላይ ዱላ አለመኖሩን አይታችሁ እርስ በርሳችሁ ስትተያዩ አይቻለሁ። ተረስቶ አይደለም። ነገሩን አባታችን ራሳቸው በዚህ ቦታ እንዲነበብ አዘዋል፤ የጻፍኩትም የማነብበውም እኔ ታላቋ ልጃቸው ግራንያ ነኝ። ደስ ብሎኝ አይደለም።

በ1978 ወ/ሮ አትራክታ ሄሽንን አግብተው እኔንና ወንድሜን ዴክላንን ወለዱ። ከእናታችን ጋር ታናሽ ወንድሟ ኮልማንም አብሮ ወደ ቤታችን መጣ ማለት ይቻላል። እራቱን እኛ ጋ ይበላል፣ ከአባታችን ጋር በነገር ይወጋጋል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሩሩን ከወርክሾፑ ግድግዳ ጋር እያላጋ ያደነቁረናል። የሰበካችን ቅጣት ምት መቺ እሱ ነበር። አባታችን ከሚስታቸው ቀጥሎ የሚወዱት ሰው ቢኖር ኮልማን ነው። ይህን ያዙልኝ።

የ1986ቱን የብሔራዊ ጥሎ ማለፍ ውድድር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሦስት መቶ ነፍስ ያለበት ሰበካ ነበርን። ከአሥራ አምስቱ ተጫዋቾች አራቱ የአንድ እናት ልጆች፣ በረኛው ደግሞ መነጽሩን አውልቆ የሚጫወት ፖስተኛ ነበር። አንዴ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ነው፤ እኛ ግን አውራጃውን አሸነፍን፣ ክፍለ ሀገሩን አሸነፍን። የካቲት 1987 ለግማሽ ፍጻሜ ደረስን። ላሞቻቸውን የሚያልብላቸው ሰው አጥተው ሳይነጋ አልበው የመጡ ሰዎች ነበሩ።

ከጨዋታው ስድስት ቀን በፊት አባታችን የኮልማንን ዱላ ጫፉ ላይ ያለውን የቆርቆሮ ማሰሪያ ሊያጠብቁ ወሰዱት። ያ ዱላ ስምንት ዓመት የቆየ፣ ሦስቴ የታሰረ፣ ኮልማን ለሌላ ሰው የማያስነካው ነበር። በመታጠፊያው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር አዩ። ተሰነጠቀ ብለው ሰጉ። በጨዋታ መሐል ቢሰበርስ? ስለዚህ ዱላ ከሚሠራበት ከአሽ ዛፍ፣ ከዚያው ግንድ ከተረፈው ጣውላ ሌላ ዱላ ላጉ። በሚዛን መዘኑት። የድሮውን ማሰሪያና የእጀታውን መጠቅለያ ፈተው አዲሱ ላይ አሰሩ፣ እንዲጠቁርም ዘይትና ጥላሸት ቀቡት። ለኮልማን ሲመልሱለት አልነገሩትም። ቅጣት ምት መቺ ዱላው አዲስ መሆኑን ካወቀ እጁ ይጠራጠራል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ክፋት አልነበረበትም። ይህን እኔ አምናለሁ።

የመጨረሻው ደቂቃ ላይ በአንድ ነጥብ ተመርተን ቅጣት ምት አገኘን። ኮልማን ዓይኑን ጨፍኖ የሚያስገባት ዓይነት ነበረች። ብትገባ አቻ ወጥተን ሌላ ቀን እንገናኝ ነበር። በቀኝ በኩል ወጣች።

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ኮልማን ዱላውን እያገላበጠ፣ “ማላኪ፣ ይሄ ዱላ እጄ ላይ ሌላ ሆነብኝ” አለ።

አባታችን ሃያ ሰው በተሰበሰበበት፣ “ዱላው ያው ዱላህ ነው። ምንም የለበትም” ብለው መለሱ።

ነገሩ ያቺን ምት መሳቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው ከዓመት በኋላ ይረሳው ነበር። ያልተረሳው ይህ ነው። ስቶ ሲያበቃ በዱላው አሳበበ ተባለ፤ ያውም ሠሪው ፊት። ለምን እንደምደባብቀው አላውቅም፤ ያላችሁት እናንተው ናችሁ። መጠጥ ቤት ሲገባ “ኮልማን፣ ብርጭቆውም ተቀየረብህ እንዴ?” ትሉት ነበር። በዚያው በጋ እንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ ሄዶ የግንባታ ሥራ ያዘ። እናታችን ወንድሟን በአውቶቡስ ፌርማታ ስትሸኝ አባታችን አጠገቧ ቆመው ነበር፤ ቃል አልወጣቸውም።

በ2009 ለእናቱ ቀብር መጥቶ ወርክሾፑ ገባ። እኔም እዚያው ነበርኩ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ቆየና፣ “እኔ ነኝ የሳትኩት፣ ማላኪ። በሰው ሥራ ማሳበብ አልነበረብኝም” አለ። አባታችን መላግ አላቆሙም። ሲሄድ ሻይ እንኳ አላሉትም። ያኔ ተቀይሜያቸው ነበር፤ ምክንያቱን አላውቅም ነበርና። በ2018 ኮልማን እዚያው ኮቨንትሪ ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ።

ሞቱን የሰሙ ዕለት አባታችን ሠላሳ አንድ ዓመት ጣሪያ ሥር ደብቀው ያስቀመጡትን የድሮውን ዱላ አውርደው በዚያች መስመር ላይ በመጋዝ ለሁለት ከፈሉት። እንጨቱ ውስጡ ነጭ ነው፤ አልተሰነጠቀም። መስመሯ የደረቀ ዘይት ነበረች።

ከዚያ በኋላ የሚተረክ ብዙ የለም። ከሽንፈቱ በኋላ ለሚቀጥለው ትውልድ ዱላ ብለው የተከሏቸውን ሁለት መቶ የአሽ ዛፎች በሽታ ጨረሳቸው፤ አንዱም ለዱላ አልደረሰም። ሰበካችንም አሥራ አምስት ሰው ማሰለፍ አቅቶት አምና ከጎረቤታችን ሰበካ ከራህሞር ጋር ተቀላቀለ፤ ማሊያው የእነሱ ነው። ከ1987 ወዲህ ግማሽ ፍጻሜ አልደረስንም፤ ከእንግዲህም አንደርስም።

አቶ ማላኪ የእንጨት ብናኝ በሳንባቸው ላይ ባደረሰው ሕመም ሁለት ዓመት ሲሠቃዩ ቆይተው፣ በ73 ዓመታቸው ኅዳር 9 ቀን 2024 ዐረፉ። ከመሞታቸው አራት ቀን በፊት ይህን ሁሉ ነግረውኝ፣ “ሰው ፊት ዋሽቻለሁ፣ ሰው ፊት ይነበብ” አሉኝ። ለእናቴ ግን ቀድመው መንገር አልቻሉም። ትናንት እኔ ነገርኳት።

እናታችን ሰምታ ጨረሰች። ከዚያ ተነሥታ ዴክላን ሣጥኑ ላይ ያጋደመውን ዱላ አነሣችና፣ “ወንድሜ ዱላ ተደርጎለት አልተቀበረም” አለች።

አቶ ማላኪ ባለቤታቸውን ወ/ሮ አትራክታን፣ ሁለት ልጆችንና ሦስት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። በራሳቸው ትእዛዝ ጸሎቱ በዚህ ቅደም ተከተል ይደረጋል።

እግዚአብሔር የኮልማን ሄሽንን ነፍስ ይማር። ዱላው ተቀይሮበት ነበር።

የአባታችንንም ነፍስ ይማር።