ማንም ያላየው ኑክሊየስ

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ዛሬ ሕዋስ። የእንስሳ፣ የዕፅዋት፣ ኑክሊየስ ያለው፣ የሌለው… በአንድ ትንፋሽ ተወጣሁት። ከዚያ ያቺን የሽንኩርት ልጣጭ ስላይድ ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጌ "እያያችሁ ሳሉ" አልኳቸው። ስላይዷን የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ከእኔ በፊት ከነበረው መምህር ነው የወረስኳት። አርባው ተማሪ የሕዋሱን ግድግዳም ኑክሊየሱንም አሳምረው ሳሉ። ከኋላ ወንበር የምትቀመጠው ግትሯ ልጅ ግን የሳለችው አንድ ጥቁር ክብ፣ ውስጡ ባዶ!
"ኑክሊየሱስ?"
"አልታየኝም፣ ቲቸር።"
"ለአርባ ሰው የታየው ካንቺ ብቻ ተደበቀ?"
"እኔ የታየኝን ነው የሳልኩት።"
ዓይናውጣ! ዜሮ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ዜሮው ከሳይንስ ክፍል ያስወጣታል አሉ። እናቷ መጥተው ለመኑኝ። ምን ላድርግ? የመጽሐፉን ብትስል ምን ነበረበት?

ዓርብ፣ ኅዳር 12
አዲሷ የላብራቶሪ ሠራተኛ ማይክሮስኮፑን ስትወለውል ስላይዷን አየች። ሳቋን ለቀቀችው።
"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የአየር አረፋ ነው! ልጣጩ ደርቆ ረግፏል።"
አረፋ… አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ? ታዲያ ልጆቹ ኑክሊየሱን ከየት አመጡት? ከመጽሐፉ ነዋ። እኔስ ጎንበስ ብዬ ያየሁት መቼ ነው? መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16
ተቆጣጣሪው መጣ። ርዕሰ መምህሩ ከኋላው። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ… ግን ምስጉን መምህር ብለው የምስክር ወረቀት ሊሰጡኝ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ያቺኑ አረፋ አቀረብኩ። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ፣ አየ…
"ኑክሊየሱ እንዴት ያምራል!"
ርዕሰ መምህሩም አየ። "የዘንድሮው ደግሞ ተለቅ ብሏል" አለ።
ልጅቷ ከኋላ ወንበር እኔን ነበር የምታየው። አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18
የምስክር ወረቀቴ ደረሰ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለማን አሳየዋለሁ?

ሰኞ፣ ኅዳር 22
ለተማሪዎቹ እውነቱን ነገርኳቸው። "አረፋ ነበር። ኑክሊየሱን በእውነት ያየ እጁን ያውጣ" ስል አርባ እጅ! ምን ይደረጋል፣ እኔው ነኝ ያስተማርኳቸው። ዜሮዋን ሰርዤ አሥር ከአሥር ጻፍኩ። ርዕሰ መምህሩ "ተቆጣጣሪው ያዩትን ልትክድ?" ብሎ የምስክር ወረቀቱን ተቀበለኝ። ይውሰደው።
የላብራቶሪ ሠራተኛዋ አዲስ ልጣጭ ላይ ማቅለሚያ አዮዲን ጠብ አድርጋ አዘጋጀች። ግትሯ ቀድማ አየች። ቆየች። እርሳሷን አነሳች።
"ቲቸር፣ ዛሬ አለ።"
"ምኑ?"
"ኑክሊየሱ። እርስዎም ይዩት እንጂ።"
ጎንበስ አልኩ። እንደ ጡብ የተደረደሩ ሕዋሶች፣ በየውስጣቸው አንዳንድ ነጥብ… ወይ ጉድ! እንዲህ ነበር እንዴ የሚመስለው?
ከኋላዬ ልጆቹ ተሰልፈው ይንጫጫሉ።
"ቲቸር፣ ተራችንን ይስጡን!"