ሳትጨርሰው የሄድከው የቀማሹ ሰው ታሪክ

ዩሱፍዬ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር አለፈ። አላህ ይዘንልህ፤ ዛሬ ግን ተናድጄብህ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የሳሎናችን ጣሪያ በመጨረሻ ቆርቆሮ ለበሰ፤ ሸራውን ጣልነው። እዚህ 26 ጁን ሰፈራችን ከጦርነቱ ስደት ያልተመለሰ ጎረቤት የቀረ አይመስልም፤ ቀኑን ሙሉ የመዶሻ ድምፅ ነው። ትምህርት ቤትህም የጥይት ቀዳዳው ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል። የኬሚስትሪ ዕቃ ግን ዛሬም የለውም።

ዕቃ ስላልነበረህ አይደል ንጥረ ነገሮቹን ባገኟቸው ሰዎች ታሪክ ታስተምር የነበረው? ፎስፎረስን ያገኘው ጀርመናዊ ስንት ባልዲ ሽንት እንዳፈላ ድሬዳዋ በሠርጋችን ምሳ ላይ ስታወራ፣ የሽማግሌዎቹ ጉርሻ እጃቸው ላይ ቀርቶ፣ እኔ የምገባበት ጠፍቶኝ ነበር።

እሱስ አሳፈረኝ እንጂ ማንንም አልጎዳም። የስዊድናዊው ግን ጎዳ። ያ ኦክስጅንን ከሁሉም ቀድሞ አግኝቶ፣ መጽሐፉ ስለዘገየ ክብሩን ሌላ የወሰደበት መድኃኒት ቀማሚ፤ ያገኘውን ሁሉ በምላሱ ይቀምስ የነበረው። ልጆቹ ይወዱት ነበር። «የቀመሰ ያውቃል» ብለህ ታስቃቸዋለህ፣ ደወል ይደወላል፣ ታሪኩ እዚያው ይቀራል። «መጨረሻውንም ንገራቸው እንጂ» ስልህ «ሳምንት» ትለኛለህ። ሳምንቱ መጥቶ አያውቅም።

ባለፈው ወር ሆዳን፣ ያቺ ፊት ወንበር የምትቀመጠው ተማሪህ፣ ከፈረሰ መጋዘን ውስጥ ጽሑፉ የጠፋ ጠርሙስ አግኝታ ነጩን ዱቄት ቀመሰችው። አፏ ቆስሎ፣ እያስመለሳት ሆስፒታል ገባች። እናቷ ደጄ ላይ ቆማ «ባልሽ ነው ያስተማራት!» አለችኝ። ተከትያት ሄጄ ሦስት ቀን ከልጅቷ አልጋ አጠገብ ተቀመጥኩ። እወቅስሃለሁ፣ አስተግፊሩላህ ብዬ ምሕረት እለምናለሁ፣ ደግሞ እወቅስሃለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጅቷ ዳነች።

ሆዳን ወደ ክፍል ስትመለስ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ ልጆቹ ፊት ቆምኩ። ስናደድ ሶማልኛዬ ከአማርኛ ጋር እንደሚደባለቅ ታውቃለህ። «ሰውየው አርባ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሞተ» አልኳቸው። «የቀመሰው መርዝ ሳይገድለው አልቀረም ይባላል። መምህራችሁ ይህን ሳይነግራችሁ ነው የሄደው።»

ሆዳን በሻከረ ድምፅ «መምህራችንስ በምን ሞተ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ዩሱፍ፣ ይህንንም ለእኔ ተውከው? እውነቱን ነገርኳቸው። ደረትህን እያመመህ ዓመት ሙሉ «ጉንፋን ነው» ስትለኝ እንደኖርክ፤ ሐኪም ዘንድ እንሂድ ባልኩህ ቁጥር ፈተና ላርም ብለህ እንደምታመልጠኝ፤ በመጨረሻ በታክሲ ይዤህ ስደርስ ጊዜው አልፎ እንደነበር። እስከዚያ ቀን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እናትህን እንኳ «ድንገት ነው» ብያት ነበር።

ሆዳን ተነስታ ወንበር አመጣችልኝ። ያን ሁሉ ልጅ ፊት ተቀምጬ አለቀስኩ።

ንዴቴ ገና አልበረደም። ቢሆንም አልረሳህም፤ ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀኝ ከነደግነትህ ከነግትርነትህ እነግረዋለሁ። ነገ እናትህ ከድሬዳዋ ትመጣለች። ለእሷም እውነቱን ልነግራት ነው።

ባለቤትህ ዘይነባ