የምርቃቱ ሰሌን

ይድረስ ለእትዬ ሴላ፤ የአውስትራሊያ ቲማቲም ለቀማ ወገብሽን እንዴት አድርጎታል? እኔ እግዜር ይመስገን፣ እዚህ ፊጂ ከሱቫ ከተማ ዝናብ በቀር የነካኝ የለም።

ሰኞ የዳታቤዝ ፈተና አለን። ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች እኔ ዘንድ ስላሉ የክፍሌ ልጆች ሊዋሱ ይመጣሉ። ጥያቄው ያው፣ አዳራሹም ያው ነው፤ «መረጃው እንዳይደጋገም ሠንጠረዡን ከፋፍሉ» ይላል። ትናንት አንዱ ወረቀቶቹን እያገላበጠ፣ «ጋሼ ሲዮሳያ፣ ሁሉም ላይ ያንተ ስም ነው እንዴ?» አለኝ። ጓደኛው ቀበል አድርጎ፣ «እሱማ ከወንበሮቹ ጋር ነው የተገዛው!» ሲል አብሬያቸው ሳቅሁ።

አገር ቤት ቶንጋ፣ እማዬ እንደ ወጋችን ለምርቃቴ ልብሴ ላይ፣ ወገቤን ዙሪያ የማስረውን ሰሌን መሥራት ጀምራለች አሉ። ስትደውዪላት አታስቸኩያት፤ ቅጠሉን ፀሐይ በደንብ ይምታው። ደግሞ ታናሻችን ቴቪታም ዘንድሮ ኮሌጅ ገብቷልና፣ በእሱ ልክ ብትሠራው አይከፋም።

የሰማዩ አባት ከጎንሽ አይለይ።

ወንድምሽ ሲዮሳያ