የአስካለማርያም ኪኒን

ታኅሣሥ 12፣ 2016
ከካራማራ በኩል ነፋስ። ያጠብኩትን አንሶላ አቧራ መታው፤ ደግሜ አጠብኩ።
ማታ የልጅ ልጄ ሔርሜላ መጣች። የሙሽርነት ነጠላዋን ጥልፍ ለጎረቤታችን ለአስካለማርያም ሰጥታዋለች። እኔ እያለሁ! «እጅሽ ይንቀጠቀጣል ብዬ እኮ ነው፣ እማማ...» የአስካለስ? ዓምና ሻይ ሲሰጧት ግማሹን ቀሚሷ ነበር የሚጠጣው።

ታኅሣሥ 15
አስካለ ቤት ሄድኩ። ጥልፉን ልይ አልኩ እንጂ የሄድኩት እጇን ለማየት ነው። ጸጥ ብሏል። ክሩን ባንዴ መርፌው ውስጥ ሰደደችው። እንዴት አበሸቀኝ! አንድ ክፍል ተምረን፣ አንዲት መምህርት ገርፋን... ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሁልጊዜ የኔ ጥልፍ ነበር።
«ለእጄ ሐኪም ያዘዘልኝ ኪኒን ነው» አለችኝ። « እንኪ፣ ካንቺ ምን እሰስታለሁ? አስምሽስ ግን?»
«እሱ የክረምት ነገር ነው» አልኳት።
ኪኒኑን ይዤ ወጣሁ። እጄ ይርጋ ብቻ፣ ነጠላውን ሳልነጥቃት አልቀርም።

ታኅሣሥ 18፣ ሆስፒታል
ትናንት ጠዋት ዋጥኩት። እጄ ረጋ። መርፌ አነሳሁ... ደረቴ ተቆለፈ።
አስካለ ነች አሉ በባጃጅ ያመጣችኝ። አስታማሚው ሁሉ «ምን ዓይነት ጓደኛ ነው የሰጠሽ!» ይለኛል። እዚህም እሷ።
ዶክተር ካፊያ፣ እንደ አገሯ «አዬዮ»፣ አያቴ፣ እያለች ተቆጣችኝ። «የሰው ኪኒን ይዋጣል?» በደንብ አስረጂኝ አልኳት። የአየር ቧንቧን የከበበውን ጡንቻ ነርቩ «ተኮማተር» ይለዋል፤ አድሬናሊን «ላላ» ይለዋል። የአስካለ ኪኒን የአድሬናሊኑን መቀበያ ዘጋው፤ ነርቩ ብቻውን አዛዥ ሆነ። የለመድኩት የአስም መርጫ እምቢ ያለኝም በሩ ተዘግቶበት ነው። ያዳነኝ ሌላው መድኃኒት፣ በጭንብል የሳብኩት፣ የነርቩን መቀበያ ዘግቶ ነው።
«ሁለቱም መዝጋት ነው?»
«ቦታው ይለያያላ፣ አዬዮ!»

ታኅሣሥ 21
ቤት ገባሁ። አስካለ ነጠላውን ይዛ መጣች። እጇ ይንቀጠቀጣል!
«አንቺ ጨርሺው። ኪኒኑን ትቼዋለሁ።»
«ለምን?»
«ልገድልሽ አልነበር? እኩል እንንቀጥቀጥ።»
የተመኘሁት ይኸው አልነበር? ነጠላው ጭኔ ላይ፣ እሷ ባዶ እጇን... ምነው ታዲያ ደስ አላለኝ?
«ሐኪም ያዘዘው በገዛ እጅ ይቆማል፣ አንቺ ደንቆሮ? ተነሽ፣ ካፊያ ጋ!» አልኳት። ጎትቼ ወሰድኳት። ዶክተሯም ቀጥዪ አለቻት። ነጠላውን ራሴ መለስኩላት።

ጥር 19
ሠርጉ ዛሬ ነበር። «ይሄ ጥልፍ የማን እጅ ነው?» ይላል ሰው።
«የአስካለማርያም» አልኩ። ላልጠየቀኝም ነገርኩ።
ቅናቱ ለቀቀኝ? የት! ማዶ ተቀምጣ ስትመሰገን አየኋት፤ አንገበገበኝ። ተነሳሁና... ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።