ጉንጬ ያበጠ ዕለት

ዓርብ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018፣ መንሱራ

ከቀትር በኋላ የመጨረሻውን መንጋጋዬን አስነቅዬ ገባሁ። ጉንጬ ማበጥ ጀምሯል። አብራኝ የምትኖረው ሐያት ከሥራዋ፣ ከሹግል፣ ስትመለስ አየችኝና በረዶ በፎጣ ጠቅልላ አመጣችልኝ። አባቴ የሞተ ዕለት ስልክ ላይ ስትስቅ ሰምቼ ከጮህኩባት ወዲህ ሁለት ወር ተኳርፈን ነበር።

«ሃያ ደቂቃ ያዢው፣ ከዚያ አሳርፊው። ዛሬ እንዳትጉመጠመጪ፣ ደሙ ይነሳብሻል። የጨው ውሃው ከነገ ጀምሮ ነው» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ያን ቀን አባትሽ ማረፉን አላወቅኩም ነበር። በኋላ ከሰው ነው የሰማሁት» አለች።

ጥጥ ነክሼ ስለነበር መልስ አልሰጠኋትም። እውነቷን ነው፤ ለማንም አልነገርኩም ነበር።

አሁን ሕመሙ ቀለል ብሎልኛል። ጥጡንም ካወጣሁት ቆይቷል። ሐያት ሾርባዬን እያበረደችልኝ ነው። ይቅርታ ለማለት ግን አፌን ገና አልከፈትኩም።