ፍሊንት እጅ አልገባ ብሎኛል

ሃግስ ጎጆ፣ ቲስዴል
ሐሙስ፣ ማርች 19፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ለምወድህ ልጄ ለኬስተር፣

ባሕሩና ንፋሱ እንዴት አድርገውሃል? ሼትላንድ ላይ ዓሣ የሚያረባ ሰው ጣቱ እንደ እንጨት ይደርቃል ሲሉ ሰምቼ፣ ጓንት ልላክለት አልላክለት እያልኩ የብርዱ ወራት አለቀ። እኔ ከዳሌዬ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ደህና አይደለሁም።

ውሻህ ፍሊንት ከጠዋት ጀምሮ ውጭ ነው። እጅ አልገባ ብሎኛል። ጎረቤታችን ኦድሪ እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ጊዜ ሰጥታኛለች። ጎህ ሲቀድ ለበጎቿ መኖ ይዛ ስትወጣ ሜዳዋ ላይ ካገኘችው ትተኩስበታለች። ይህ ደብዳቤ አንተ ዘንድ እስኪደርስ ነገሩ ያልቃል፤ ስለዚህ እርዳኝ ብዬ አይደለም የምጽፍልህ። የወጥ ቤቱን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀምጫለሁ። ዞሬ ካየሁት ይሸሻል፤ እጄ ሥራ ካልያዘ ደግሞ መዞሬ አይቀርም። ስልክ ብደውልልህ አታነሳም። አልፈርድብህም።

ከመጀመሪያው ልንገርህ፣ ውሻው ያንተ ነውና።

ስትሄድ የዘጠኝ ወር ቡችላ ነበር፤ እግር ብቻ። ሩጫውን ከግሬይሃውንድ አባቱ፣ ተንኮሉን ከእናቱ ከሜግ ወስዷል። ባልና ሚስት የሚያጣላ ውሻ ነው፤ ደግነቱ እኔ ሚስት የለኝም። በመጀመሪያው ሳምንት የጸሎት ቤት ጫማዬን ግራውን በላ። በሁለተኛው ሳምንት ቀኙን ይዞልኝ መጣ፣ እጄ ላይ አስቀመጠልኝና ጅራቱን ቆላ። ምን ልበለው? ያገኘውን ሁሉ ወደ ሰው እጅ እንዲያመጣ ያስተማርከው አንተ ነህ። በጥንቸል ቆዳ የጠቀለልከውን ካልሲ ኮሪደሩ ላይ እየወረወርክ፣ ሲያመጣልህ ወለሉ ላይ ተንበርክከህ ስታቅፈው አይቼሃለሁ። አንድ ቀንም «ጎበዝ» አላልኩህም። ጎበዝ ነበርክ።

እኔም አልቸኮልኩም። ለርቸርን፣ እንደሱ ያለውን ድቅል የአደን ውሻ፣ የሚያበላሸው ችኮላ ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዓመት እስኪሞላው ጥንቸል አላስሮጥኩትም። ዳሌዬ እያቃሰተ በየጠዋቱ ረጅሙን ገመድ አስሬለት በኦድሪ በጎች መሃል አመላለስኩት። መጀመሪያ ዓይኑ ይፈጥ ነበር። በገና ሰሞን በግ ሲያይ ያዛጋ ጀመር። የድንጋይ ካብ ሲዘል እግሩን እንዳይሰብር ከዝቅተኛው አስጀመርኩት፤ እሾሃማ ሽቦ ፊት ቆሞ እኔን እንዲጠብቅ አስተማርኩት። የኦድሪ ዳገት ታውቀዋለህ፣ ጥንቸል ወንፊት አድርጎታል። እዚያ ወሰድኩት። ጉድጓዱ ውስጥ ጥንቸል ካለ አንድ እግሩን አንስቶ ይደርቃል፤ ከሌለ ሽንቱን ሸንቶ ያልፋል። አንድም ቀን አልዋሸኝም።

በዲሴምበር መጨረሻ በየጉድጓዱ አፍ መረብ ዘርግቼ ፌሬቷን፣ ጥንቸል ከጉድጓድ የምታስወጣልኝን ትንሿን አውሬ፣ አስገባኋት። ስታባርራቸው አንዷ ጥንቸል ከመረቡ ሾልካ ወጣች። ፍሊንት ሃምሳ እርምጃ ሳትሄድ ደረሰባት፣ ያዛት፣ አነሳት፣ ካቡን ይዟት ዘለለ። እጄ ላይ ሲያስረክበኝ ሕይወቷ አልወጣም ነበር፤ ልቧ መዳፌ ላይ ይመታል፣ ጥርስ አልነካትም። አርባ አምስት ዓመት ውሻ ሳሠለጥን እንደዚያ ያለ አፍ አላየሁም። ያን ቀን ነው የደወልኩልህ። እዚያው ሜዳው ላይ ቆሜ። ከእሱ በኋላ ሁለቴ ደወልኩ።

አሁን የጥፋቴን ልንገርህ።

በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ኦድሪ ግቢ በር ላይ ቆመን እናወራለን። ፍሊንት ከጀርባዋ ብቅ አለ፤ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ በአፉ ነጯን ዶሮዋን ይዞ። ሁለት ካብ ከነእሷ ዘሎ ነው የመጣው። ዶሮዋ ክንፏን ሰብስባ ዙሪያውን ትቃኛለች። ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ፤ ከኦድሪ በቀር ግን ማንም አልነበረም። እሷ ደግሞ ትስቃለች።

«ኖርማን! ላባዋ እንኳ አልተነካም እኮ! በታክሲ ነው የመለሰልኝ!»

እኔ ግን ደሜ ፈላ። ዶሮዋን እጄ ላይ ባስቀመጠበት ቅጽበት፣ ዓይኔን እያየ፣ ጅራቱ እየተወዛወዘ ጮህኩበት። እንዴት እንደምጮህ ታውቃለህ። በማሰሪያውም አፍንጫውን መታሁት።

ኦድሪ ሳቋን አቆመች። «ምነው አንተ? አምጥቶልህ እኮ ነው» አለችኝ።

ወደ አንተ የመጣን ውሻ አትቆጣ፤ ጎረቤትህን ገድሎ ቢመጣም አትቆጣ። ሰባት ዓመትህ ሳለ ነበር ይህን የነገርኩህ። መቆጣት ካለብህ ሲነሳ ነው፣ ሲመጣ አይደለም፤ ውሻ የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ የሆነውን ነው። ዶሮ መያዙን አልቀጣሁትም። ወደ እኔ መምጣቱን ነው የቀጣሁት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አፉ ውስጥ ነገር ካለ ወደ እኔ አይቀርብም። በአሥር እርምጃ ርቀት ይዞረኛል፣ ይዞረኛል፣ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። አንድ እርምጃ ስጠጋው አንድ ይሸሻል። ጉበት ጠበስኩለት። እየሮጥኩ እንደምሸሸው ሆንኩለት፤ በዚህ ዳሌ ሩጫ ብትለው። ቀስ በቀስ አፉ ባዶ ሲሆንም መምጣት ተወ። በገመድ ብቻ ነበር የማወጣው፤ እንደሱ ያለ ውሻ ደግሞ በገመድ ሲውል ያብዳል። ስድስቱን ሳምንት በሙሉ «ያሳደገው እሱ ነው፣ አንገተ ደንዳና ያደረገው እሱ ነው» እያልኩ ባንተ ላከክሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

ዛሬ ጠዋት ዳገቱ ሥር ጥንቸል ከእግራችን ሥር ፈንድታ ተነሳች። ገመዱን ስስብ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ የሱ ዘር አንገቱ ከራሱ ይወፍራል፣ አንገትጌው በጆሮው ላይ ሾለከ፣ ገመዱ ባዶውን እጄ ላይ ቀረ። ያዛት። ይዟት ቆመ። ዙሪያውን የኦድሪ እርጉዝ በጎች።

የመጨረሻውን ዘዴ ሞከርኩ፤ መሬት ላይ ተኛሁ። ሰው ሲወድቅ ውሻ ሳያየው አያልፍም። ጭቃው እስከ ሸሚዜ ገባ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ብዙ ቆይቶ ትንፋሹን ጆሮዬ ላይ ሰማሁት። ጥንቸሏ ትከሻዬን ነካችኝ። እጄን ግን አላነሳሁም።

«አንተ ሽማግሌ! ሞተህ ነው ወይስ ፀሐይ እየሞቅክ?» ኦድሪ ከካቡ ማዶ ነበረች።

«ዝም በይ። ንቅንቅ አትበይ። መጥቶልኛል።»

«ማን ነው የመጣልህ? ካቡን ዘሎ ሄደ እኮ!»

ብድግ ማለት አቃተኝ። ዳሌዬ ተቆልፎ ነበር። ሴትየዋ ብብቴን ይዛ እንደ ድንች ከረጢት አነሳችኝና ጭቃዬን አራገፈችልኝ።

«ሌሊቱን ስድስት በጎች ወለዱልኝ» አለች። «አንዷ ደግሞ አስወረደች። በምን እንደሆነ አላውቅም።»

«እሱ በግ አይነካም። አንቺም አይተሻል።»

«እኔማ አይቻለሁ። በጎቹ ግን ይህን አያውቁም። የማይያዝ ውሻ በመሃላቸው ሲሮጥ ይበረግጋሉ። አርባ ዓመት ጎረቤቴ ነህ ኖርማን፣ እንዳታስደርገኝ።»

«ጊዜ ስጪኝ።»

«እስከ ነገ ጠዋት። ስወጣ ጠመንጃው ትከሻዬ ላይ ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጁን ለምን አትጠራውም? የሱን ድምፅ ቢሰማ ይመጣ ነበር» አለችኝ።

«አይመጣም።»

«ውሻው ነው ወይስ ልጁ?»

«ልጁ።»

«ና ብለኸዋል?»

ባዶውን ገመድ ጠቀለልኩ። ደውዬልህ አውቃለሁ፤ ና ግን ብዬህ አላውቅም።

ኬስተር፣ የኦክቶበሩን ቀን ማንሳት አልፈለግሁም ነበር። ዝናብ ነበር። ሜግን በካፖርትህ ጠቅልለህ በሁለት ክንድህ ይዘሃት በዚሁ በር ገባህ። ውሃው ከጸጉርህ ይንጠባጠባል። «አባዬ፣ የግቢውን በር ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። የወተቱ መኪና ነው የገጫት» አልከኝ። ማንም አላየህም ነበር። ነፋስ ከፈተው ብትለኝ አምንህ ነበር። አጥር ዘላ ነው ብትል አምንህ ነበር፣ ትዘላለችና። አንተ ግን እውነቱን ይዘህልኝ መጣህ። ሃያ ሁለት ዓመትህ ነው፣ ይዘሃት ቆመሃል። ከእጅህ እንኳ አልተቀበልኩህም። ያን ሁሉ ጩኸት ጮህኩብህ። ከዓይኔ ጥፋ አልኩህ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ጠዋት ስነሳ አልጋህ ተነጥፎ ነበር።

ውሻ ለማሠልጠን ልጆች ከሦስት መንደር ወደ እኔ ይመጣሉ። ለእነሱ የማስተምረውን ላንተ አላደረግሁትም።

አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነው። ነገ የተኩስ ድምፅ ከሰማሁ፣ የተረፈህን ውሻ እንደገደልኩብህ የምነግርህ እኔ ነኝ። ኦድሪ አይደለችም፣ እኔ ነኝ፤ በገዛ ጩኸቴ። እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ሰው ፊት መቆም እንዴት እንደሚከብድ ገና ዛሬ ገባኝ። ከፈለግህ ጩህብኝ። እቀበላለሁ።

እግሬ ደንዝዟል፣ ምድጃው ጠፍቷል። አንድ ጊዜ ከበስተጀርባዬ የጠጠር ድምፅ ሰማሁ፤ ነፋስ ይሁን እሱ አላወቅሁም። ለመዞር አንገቴ እየፈለገ ነው። እየጻፍኩ ልቆይ። ሌላ ወሬ የለኝም፣ የምጽፈው አለቀብኝ። ከካቡ ሥር፣ ሜግ መቃብር ላይ ድንጋዩን ያስቀመጥከው አንተ ነህ? ያን ማታ በእጆቼ ቆፍሬ ቀበርኳት፤ ጠዋት ድንጋይ ተቀምጦበት አገኘሁ። ሌሊቱን ሳትነግረኝ አድርገኸው እንደሄድክ ነው የምገምተው። አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። እየጨለመ ነው፣ ፊደሉ አይታየኝም።

ገብቷል።

ጥፍሩን ድንጋዩ ወለል ላይ ሰማሁት። አልዞርኩም። ጠረጴዛው ሥር ገባና እግሬ ላይ ተኛ፤ ውሃና ጭቃ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። ብዙ ቆይቼ ትንፋሹ ሲረጋ ከበሩ እጀታ ጋር ያሰርኩትን ሲባጎ ቀስ ብዬ ሳብኩት፤ በሩ ተዘጋ። ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ተኛ።

አፉ ባዶ ነው። ከንፈሩ ዳር የጥንቸል ጠጉር ተጣብቋል፣ ስለዚህ እስከ ደጅ ድረስ ይዟት መጥቶ ነበር። እኔ ስላለሁ ውጭ ጥሏት ነው የገባው። ከእንግዲህ ለጥንቸል ሥራ ይሆን አይሆን አላውቅም፤ ምናልባት ከእኔ እጅ ጋር አይታረቅም። ለኦድሪ ደውዬ ቤት ገባ አልኳት፤ «እግዜር ይመስገን» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እንዳለቀሰች አውቃለሁ።

እኔም እግሬን ሳላንቀሳቅስ አለቅሳለሁ። ባዶ አፉን በመግባቱ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ልጄ፣ ና። ይቅርታ ይዘህ አትምጣ፣ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ምን እላለሁ ብለህ መንገድ ላይ አታሰላስል። ምንም ሳትይዝ ግባ።

ጌታ ከባሕሩ ይጠብቅህ፤ በሰላም የሚያስተኛ ሌሊት፣ የሚያሞቅ ጓደኛ ይስጥህ።

አባትህ
ኖርማን