ሐሙስ ለት ጆንያውን በምን ተሸከምነው?

እርስዎ፣ አዎ እርስዎ፣ ይቺን ወረቀት ከበሩ ላይ ገንጥለው ሊጨመድዷት እጅዎን የሰደዱት፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይታገሱኝ። ቢቀዷትም አይጠቅምዎትም። ከትናንት ማታ ጀምሮ በየሰዉ ስልክ ከጅማው ቦሳ አዲስ ሰፈር እስከ አሰንዳቦ እየዞረች ነው። ደብዳቤዋ የእርስዎ ሆና ሳለ ከከተማው ሁሉ መጨረሻ የሚያነቧት እርስዎ እንዳይሆኑ ብዬ ነው የለጠፍኩልዎት።

ለተከበሩ የሰባት ዋርካ ቡና ማበጠሪያና ማከማቻ ሥራ አስኪያጅ፣ ለጋሼ አብሳሎም።

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ በወደዱት ይቀበሉኝ። እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና? ስኳርዎስ ወረደልዎት? ከሁሉም በላይ ደግሞ ትከሻዎ እንዴት ነው? ይሄን ለወግ ያህል እንዳይመስልዎት። በድርጅታችን ትከሻ የሚከፈልበት ወንድ ላይ የበቀለ እንደሆነ ብቻ ስለሆነ፣ የእርስዎ በደህና እንዲከርም ሁላችንም ዱዓ እናደርጋለን።

እኔ ሰሊማ ነኝ። ከመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ብዬ የተሰበረውን፣ የጠቆረውንና ነቀዝ የበላውን ፍሬ ከደህናው ቡና የምለይ። ስሜን የምጽፈው እንዳይቸገሩ ብዬ ነው፤ ከእኛ መሃል የልጅ ልጅ ያየች እያለች እርስዎ ሁላችንንም «ልጆች» እያሉ ነው የሚጠሩን። ወጣት ስላደረጉን እናመሰግናለን።

አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፣ ቁጥር ይወዳሉና።

አንደኛ፤ የትከሻ አበል። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባስረዳ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አለኝ። እኔ እዚህ በገባሁ ጊዜ ወንዶቹ ኩንታል ተሸክመው በሳንቃ ላይ እየተንገዳገዱ መኪና ላይ ይወጡ ነበር። ከባድ ነበር፣ አልክድም፤ ወገቡ ተበላሽቶ የቀረ አለ። ለዚህ ተብሎ በወንዶቹ የቀን ሂሳብ ላይ የትከሻ የሚባል ተጨመረ፤ ዛሬ መቶ ሃያ ብር ደርሷል። ሲጨመርላቸው አንዲት ሴት አላጉረመረመችም። ከዚያ ያ ጆንያውን እያንሸራተተ ከመጋዘን እስከ መኪናው አፍ የሚያደርሰው ማሽን መጣ። አልሐምዱሊላህ፣ የሰው ወገብ ዳነ። ትከሻው አረፈ፣ አበሉ ግን አላረፈም፣ እንዲያውም ተዋለደ። ዛሬ የማሽኑን ቁልፍ በአንድ ጣቱ የሚጫነው ኩመራ የትከሻ ያገኛል። የበር ጥበቃው ለሚ የትከሻ ያገኛል። ካቦአችን ሙርሺድ ከስልኩ የከበደ ነገር ሲያነሳ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር፤ እሱም የትከሻ ያገኛል።

ለወንድሞቻችን በዛ አላልኩም፣ ከእነሱ ይቀነስ ብዬም አልጻፍኩም። ይቺን መስመር ሁለቴ ቢያነቧት ደስ ይለኛል፤ ነገ ወንዶቹን ሰብስበው «ሴቶቹ አበላችሁን ሊያስቆርጡ ተነሱ» እንዳይሏቸው።

እኛስ ጆንያ አናውቅም? እያንዳንዷ ሴት ጆንያዋን ከክምሩ ጎትታ ቦታዋ ታመጣለች፣ ለቅማ ስትጨርስ ደግሞ ጎትታ ሚዛኑ ጋ ታደርሳለች። ሙርሺድን ስንጠይቀው ምን አለ መሰልዎት? «መጎተት ሸክም አይደለም እህቴ፣ ሸክም የሚባለው ትከሻ ላይ ሲወጣ ነው።» ሀዬ፣ ሕግ ከሆነ እሺ አልን። ወደ ወለሉ ጎንበስ ብለን መጎተታችንን ቀጠልን።

ሁለተኛ፤ አባወራነት። አምና ስንጠይቅዎት ራስዎ የሰጡን መልስ ነው፤ «ወንድ ቤት ያስተዳድራል፣ የሴት ገቢ ድጎማ ነው» ብለው ነበር። ስለ ትምህርቱ እናመሰግናለን። ኩመራ፣ ወንድሜ አይቀየመኝና፣ ወንደላጤ ነው፤ ሸሚዙን እስከ ዛሬ የምታጥብለት እናቱ ናት። እኔ አጠገብ የምትቀመጠው ሀዋ ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ኢፍቱን ለብቻዋ አሳድጋ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አድርሳለች። ይሄን ሁሉ ዓመት ማንን ስትደጉም እንደኖረች ቢነግሩን ሰውየውን ፈልገን እጅ እንነሳው ነበር።

ሦስተኛ፤ ጣታችን። ከውጭ አገር ገዢ በመጣ ቁጥር በየረድፉ እየዞሩ «ይሄ የሴት ጣት ሥራ ነው፣ ማሽን አይተካውም» እያሉ ያስጎበኙናል። ቃሉ ይጣፍጣል፣ አልዋሽም። የሀዋ እጅ ከነፍሬው በትልቁ ፎቶ ተነስቶ ቢሮዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፊቷ የለም፣ እጇ ብቻ። ማሽን የማይተካው ጣት፣ ቁልፍ ከሚጫነው ጣት በምን ሂሳብ እንዳነሰ ግን ለገዢውም ለእኛም አላስረዱም።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፣ ግን ሐሙስ በቁጥር የሚታሰር ነገር አይደለም። እንዳለ ልናገረው።

ከሴቶች ቀን በፊት በነበረው ሳምንት ነው። ዳባ፣ ጫኝና አውራጆቹን የሚመራው፣ አሰንዳቦ ላይ ሰርጉ ነበር። ጓደኞቹ በሙሉ ሊያጅቡት ሄዱ፤ «ማሽኑ አለ፣ ሂዱ» ብለው የፈቀዱት እርስዎ ነዎት። መልካም አደረጉ። ከሰዓት መብራት ጠፋ። ማሽኑ ቆመ። ጀኔሬተሩ ናፍጣ የለውም። መኪናው በር ላይ ተገትሯል፣ ቡናው ማታውኑ ካልተነሳ መርከቡ ያመልጠዋል ተብሏል፣ ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል። ኩመራ ቁልፉን ደጋግሞ ይጫናል፣ መብራት በመጫን የሚመጣ ይመስል። ያኔ እርስዎ ክራቫትዎን አላልተው ከቢሮ ወጡ።

«እህቶቼ» አሉን። ከዚያ በፊት እህትዎ ሆነን አናውቅም። «ማሎ፣ አታዋርዱኝ» አሉን፤ እዚህ አገር ይሄን ሁሉ ዓመት ኖረው በኦሮምኛ ሲለምኑ የሰማንዎት ያን ለት ነው። ከእኛ ከለቃሚዎቹ መሃል ሶረቲ መቼስ አፏ አያርፍም፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የወንድ ሥራ ነው ስትሉን ነበር» አለች። እርስዎም፣ ሁላችንም ሰምተናል፣ «ዛሬ ወንድና ሴት የለም» አሉ።

ሀዋ ሻሿን አጠበቀች። ፎጣ አጥፋ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና «ጫኑብኝ» አለች። ከዚያ ሁላችን ተነሳን። ለሁለት የተሸከሙ አሉ፣ እኔ ራሴ ከሶረቲ ጋር ነበርኩ። ሀዋ ግን ለብቻዋ ነበር። የጥንቱ ሳንቃ ከተጣለበት ወጥቶ ተዘረጋ፣ በሱ ላይ ወጣን ወረድን። ሙርሺድ ከታች ቆሞ «በርቱ የኔ አንበሶች» ይል ነበር፤ ለዚያ ለትም የትከሻው ተከፍሎታል። ከመግሪብ ሶላት በፊት መኪናው ተነቃነቀ። እርስዎ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልን። ዳባ ከሰርጉ ሲመለስ ወሬውን ሰምቶ «ሰርጌን የደገሳችሁልኝ እናንተ ናችሁ ለካ» ብሎ አንድ በአንድ ጨበጠን። አፍሮም ነበር፤ ጆንያ ከተሸከመ መክረሙን እሱም ያውቃላ።

ቅዳሜ የክፍያው መስኮት ጋ ቆመን የሐሙሷን የትከሻ ጠየቅን። ትከሻ ላይ ወጥቷል አይደል? «እሱ ሥራ አይደለም፣ ትብብር ነው» ተባልን። ለትብብሩም አንዳንድ ኪሎ ስኳር ታደለን። ስለ ስኳሩ ከልብ እናመሰግናለን፤ የእርስዎ ሐኪም የከለከለው ነገር ሁሉ ለእኛ ቢደርሰን ግቢው እንዴት በጠገበ።

ከዚያ የሴቶች ቀን መጣ። ድንኳን ተተከለ፣ ማይክ ተከራያችሁ፣ በወንድ ልክ የተሰፋ ቲሸርት ታደለን፤ የእኔን ልጄ ለብሶታል፣ አምሮበታል። እርስዎ እንግዶች ፊት ቆመው «እናንተ የድርጅታችን ጌጥ ናችሁ» አሉ። አጨበጨብን። «አስተያየት ያላችሁ?» ሲሉ ሀዋ ተነሳች። ማይኩን ተቀብላ ወደ እርስዎ ዞረች።

«ጋሼ አብሳሎም፣ ለሸክም ትከሻ የላችሁም ተብለን ነው የምንኖረው። ሐሙስ ለት ታዲያ ጆንያውን በምን ነው የተሸከምነው?»

ይሄው ነው። ስድብ የለበትም፣ ሰው አልነካችም። ድንኳኑ ሳቀ፣ እንግዶቹም ሳቁ። እርስዎም ሳቁ፣ በጥርስዎ ብቻ። በማግስቱ ጠዋት ለሚ በሩ ላይ አስቁሞ «ሀዋዬ፣ እንዳትገቢ ተብለሻል፣ እኔ ምን ላድርግ» አላት። ዓይኗን ማየት አቅቶት መሬት መሬት ያይ ነበር። እጇ እስከ አሁን ቢሮዎ ውስጥ ተሰቅሏል፣ እሷ ግን ከበሩ ውጭ ናት።

ቀጥሎ ምሕረትዎ መጣ። ሰኞ ጠዋት ሁላችን በተሰበሰብንበት ሀዋ «ተሳስቼ ነው፣ ይቅርታ» ካለች ትመለሳለች፣ ካላለች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል ብለው በሙርሺድ ላኩባት። ቀጠሮውን ስለሰጧት እናመሰግናለን፤ ሌላው አለቃ እሱንም አይሰጥም።

ትናንት ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ሀዋ ቤት ሄድኩ። ምን እያደረገች እንዳገኘኋት ይወቁልኝ፤ ይቅርታውን እየተለማመደች ነው። ግድግዳው ፊት ቆማ፣ ልክ እንደ ተማሪ። «ተሳስቼ ነው» ትልና ትቆማለች። እንደገና ትጀምራለች፣ እዚያው ጋ ትቆማለች። «ምን ነካሽ?» ስላት «ሰሊማ፣ ንገሪኝ እስቲ» አለችኝ፣ «የቱ ነው ስህተቱ? መሸከሜ ነው መጠየቄ? እሱን ካወቅኩ እኮ እላለሁ። አከራዬ ትናንትም መጥታ ሄዳለች፣ የልጄም ፈተና ደርሷል፣ ለምን አልልም? አፌ እሺ ብሏል፣ ሆዴ ነው እምቢ ያለኝ።» ኢፍቱ ጥግ ላይ ደብተር ዘርግታለች፣ ገጽ ግን አትገልጥም። እናቷን ነበር የምትሰማው። ወላሂ፣ ያን ሁሉ ጆንያ ተሸክማ ቀጥ ብላ የወረደች ሴት ትናንት ጎብጣ አየኋት።

እርስዎ ያጎበጧት በጆንያ አይደለም። መልስ የሌለው ጥያቄ ስለጠየቀች ነው፤ መልስ ቢኖረውማ እዚያው ድንኳን ውስጥ በመለሱላትና እኛም አጨብጭበን በገባን። መልሱን ስላጣችሁት ጠያቂዋን አስወጣችሁ። እሷ ይቅርታ ካለች ደግሞ ከእንግዲህ በዚያ ግቢ ማንም ሴት ስለ ክፍያዋ አፏን አትከፍትም፤ ይሄን እርስዎም ያውቁታል፣ ለዛ ነው ይቅርታውን በሁላችን ፊት የፈለጉት።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምጠይቅዎት ይሄን ነው። ሰኞ ጠዋት ሀዋ አፏን ከመክፈቷ በፊት እርስዎ ይናገሩ። በተዘጋ ቢሮ አይሁን፣ በሙርሺድ በኩልም አይሁን። የሴቶች ቀን የተከራያችሁትን ማይክ ያስመልሱና፣ በሩ ላይ፣ ጫኞቹም ለቃሚዎቹም መንገደኛውም በሚሰማበት፣ የወንድ ትከሻ የሚከፈልበትን የሴት ትከሻ የማይከፈልበትን ምክንያት ያስረዱን። ምክንያቱ እውነት ከሆነ ሀዋ ትቅርና እኔ ራሴ መሬት ላይ ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ምክንያት ከጠፋ ግን ሀዋ ቦታዋ ላይ ትቀመጥ፣ አበሉም ለሁላችን ይታሰብ።

ይሄ ካልሆነ ሰኞ ከሦስቱም ረድፍ አንዲት ሴት አትገባም። ከሀዋ ጋር ውጭ እንቆማለን። ዳባና ጓደኞቹ ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም፣ እነሱን ይጠይቋቸው። ማስፈራሪያ ነው ብለው እንዳይጽፉብኝ፤ እኛ እርስ በርሳችን እንደዚህ ስናደርግ ስሙ ትብብር ነው።

ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ስኳርዎን ዝቅ፣ ክብርዎን ከፍ ያድርገው እያልኩ፣ ከድርጅትዎ ጌጦች አንዷ የሆንኩት፣ እስከ ሰኞ ድረስ ታዛዥዎ፣

ሰሊማ፣ ከሦስተኛው ረድፍ፣ ጅማ

ማስታወሻ፦ ጋሼ፣ ስልክ ሲያወሩ በየረድፋችን መሃል እየተመላለሱ ነው የሚያወሩት፣ ጆሮ ያለን አይመስልዎትም። ባለፈው ለልጅዎ ለፍሬሰላም አለቃ የደወሉለትን ሰምተናል። አብሯት በአንድ ቀን የተቀጠረው ወንድ ከሷ በላይ እንደሚከፈለው ደርሰውበት «ልጄ ከሱ በምን አነሰች? እኩል እየሠራች ለምን እኩል አይከፈላትም? ዝም የምንል እንዳይመስልህ» አሉት። ድምፅዎ ጣሪያውን ነቀነቀው። ሶረቲ እጇን ከቡናው ላይ አንስታ «ምነው የኔም አባት በሆኑ» ብላ ነበር። ያን ለት የተሳሳቱት ነገር የለም፣ እያንዳንዱ ቃል ልክ ነበር። ለሰኞ አዲስ ንግግር በማዘጋጀት አይድከሙ። ያንኑ ይዘው በሩ ላይ ይውጡ፣ «ልጄ» ባሉበት «ሀዋ» ይበሉ፣ ከዚያም ለራስዎ ጥያቄ ራስዎ በሰው ሁሉ ፊት ይመልሱ።